የአያ ማሩ ሙገሳ

የሰውን ጓሮ የሚያርም ጡረተኛ የሌለበት ሰፈር ካለ፣ እሱ ሰፈር ሳይሆን መካነ መቃብር ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ ለጓሮ አትክልተኛዋ ለብርቱካን ሰፈር የደረሱት ክቡር አያ ማሩ ናቸው፤ ማንም ሳይመርጣቸው የተሾሙ፣ ማንም ሊያወርዳቸው ያልቻለ፣ የሰፊው ጎመን ብቸኛ ተቆርቋሪ። መፈክራቸው አንዲት ናት፦ «እኔን ብትሰሙኝ!»

በየማለዳው ጋቢያቸውን ተከናንበው አገጫቸውን የብርቱካን አጥር ላይ ያሳርፋሉ።

«አንች፣ ይኸ ጎመን ነው የአህያ ጆሮ?»

«የአህያ ጆሮ ነው፣ አያ ማሩ። እርስዎን የሚሰማ ጆሮ ቢገኝ ብዬ ነው የተከልሁት።»

ክረምት ድንቹን ያጣጥላሉ፤ መስከረም ሲጠባ ወደ ነጭ ሽንኩርቱ ይዞራሉ። ብርቱካን ደግሞ ያሏትን ሁሉ ገልብጣ ትሠራለች። «ውኃ አታብዢ» ካሏት ጎርፍ ትለቅበታለች። እልኳ ማዳበሪያ ሆኗት ነው መሰል፣ ይበቅልላታል።

አምና የሰፈሩ ማኅበር በሚኒባስ ጎንደር ወስዶ የነገሥታቱን ግቢ ሲያስጎበኝ፣ ሰው ሁሉ ግንቡን አንጋጦ ያያል፤ እሳቸው ሣሩን ጎንበስ ብለው ይመረምራሉ።

«ይኸ ሁሉ ሜዳ አንድ መደብ ጎመን የለበትም? ንጉሥ ወጥ አይበላም ነበር?» ብለው ጠባቂውን አፋጠጡት።

«አባቴ፣ ቅርስ እኮ ነው።»

«ቅርስ! ሥራ ፈት መሬት በለው!»

ሲወጡ ኪሳቸው አብጦ ተገኘ። አንድ እፍኝ አፈር ነበር፤ «ለናሙና» አሉ።

ይህን ሁሉ አፍ ይዘው አያሞግሱም። በእርግጥ በዚህ አገር በቁሙ ያለ አዝመራ አይሞገስም፤ ዓይን ይበላዋል። ጨዋ ሰው ዝም ብሎ ያልፋል። አያ ማሩ ግን ይህን ደንብ ተገን አድርገው ዕድሜ ልካቸውን ሲሳደቡ ኖሩ።

ዘንድሮ የብርቱካን ነፍስ ያለችው ቃሪያዋ ላይ ነው። በደብረ ታቦር ብርድ ቃሪያ መትከል ራሱ ድፍረት ነው፤ አምና ውርጭ በአንድ ሌሊት ጠብሶባታል። ዘንድሮ ለቅዳሜ ገበያ ከደረሰ፣ ጾም ነውና ይሻሙበታል። ልጇ ትዕግሥት ዩኒቨርሲቲ ይዛው የምትገባው ብርድ ልብስና ሻንጣ ከእሱ ነው የሚወጣው። «እስከ ቅዳሜ ትንሽ ይወፍር» ብላ ተወችው።

ሐሙስ ከሰዓት አያ ማሩ አጥሩ ጋ ቆሙ። ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፤ ደመና የለም፣ ነፋሱም ጭጭ ብሏል። ከዚያ መንደሩ እስኪሰማ ጮኹ።

«አቤት ቃሪያ! አቤት ማማር! እንዲህ ያለ በደቡብ ጎንደር አልታየም!»

ባልዲው ከብርቱካን እጅ ወደቀ። «እንትፍ በሉ! ምን በደልሁዎ፣ አያ ማሩ? ኧረ እንትፍ በሉ!»

«ሲያብረቀርቅ!» አሉና ወደ ባለሱቋ ወደ ሐሊማ ቲማቲም አለፉ። ወዲያው የሐሊማ ጩኸት ተሰማ፦ «ማሻ አላህ ይበሉ እንጂ፣ ሰውዬ!»

ዓይን የወደቀበትን ቃሪያ ማን ያሳድራል? ብርቱካን ከትዕግሥት ጋር፣ የአያ ማሩን ሰባት ቤት እየረገመች፣ እስኪጨልም ለቀመችው።

ሲነጋ ሣሩ ነጭ ነው። የቃሪያው ግንድ የፈላ ውኃ እንደተደፋበት ኩምትር ብሏል። ቃሪያው ግን እቤት፣ ጆንያ ውስጥ ነው። ብርቱካን ውርጩ ላይ ቆማ አሰበችው። «ውርጭ ሊመጣ ነው፣ ልቀሚው» ቢሏት ኖሮ፣ ለእልኳ ስትል እስከ ቅዳሜ ባልነካችው ነበር።

እቤታቸው ስትሄድ አያ ማሩ ጠቁሮ ያደረ የራሳቸው ቃሪያ ላይ ጎንበስ ብለዋል።

«እያወቁ ምነው የራስዎን ሳይለቅሙ?»

«ሰፈሩን ሳዳርስ መሸብኝ።» ቀና አላሉም። «ደግሞስ የእኔን ማን ያሞግስልኝ?»

እውነት ለመናገር፣ ያ ቃሪያ በሕይወት ሳለም የሚሞገስ አልነበረም። ብርቱካን ወደ ቤቷ ተመልሳ ከጆንያዋ አንድ ሰፌድ ሙሉ አምጥታ ፊታቸው አኖረችና፣ እስኪሰድቡላት ቆማ ጠበቀች።