የጋሽ ታደሰ በረዶ መጥረጊያ

ቅናት የማያውቅ ሰው አለ? ካለ፣ ጎረቤት የለውም ማለት ነው።

የእኔ ጎረቤት ጋሽ ታደሰ ከበረዷማዋ ሚኒሶታ ወደ ቴክሳሷ ማኪኒ ሲዛወሩ፣ የሳር ማጨጃ ትራክተራቸውንና ከፊቱ የሚገጠመውን በረዶ መጥረጊያ ጭነው መጡ። ቴክሳስ! በረዶ ከፍሪጅ ውጭ ብርቅ በሆነበት አገር! ኖቬምበር በገባ ቁጥር ጋራዣቸውን ከፍተው የሳሩን ምላጭ ያወልቃሉ፣ መጥረጊያውን ይገጥማሉ፣ የሞተሩን ቀበቶ ይወጥራሉ። እኔም በመስኮት እያየሁ እስቃለሁ። ማለቴ፣ እስቅ ነበር።

ዘንድሮ በረዶው ወረደ። እኔ አካፋ አጥቼ በቆሻሻ ማፈሻ ስታገል፣ እሳቸው ቁጭ ብለው እየነዱ፣ በረዶውን እንደ ፏፏቴ ወደ ጎን እየረጩ ሰፈሩን ጠረጉት። የእኔንም ደጅ ጭምር። ባለቤቴ በሩን ከፍታ፣ "ጋሽ ታደሰ፣ እድሜ ይስጥዎት! እንደ እርስዎ ያለ ወንድ ይብዛልን!" አለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳሯን በእጅ በሚገፋ ማጨጃ ያጨድኩላት እኔ፣ ማፈሻዬን ይዤ አጠገቧ ቆሜያለሁ።

ሶ፣ በማግስቱ ከእሳቸው ጋር አንድ ዓይነት፣ ግን የባሰ ትልቅ በረዶ መጥረጊያ ኦርደር አደረግሁ። ሲደርስ ጋሽ ታደሰን ጠርቼ አሳየኋቸው። ዞር ዞር ብለው አዩትና፣ "ግሩም ነው" አሉኝ። "ትራክተሩስ?"