«እኔስ ይመስገን»

ደህና መሆን የማይሰለቸው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ መሐል ሜዳ የሚባል አገር አጎት አለኝ፤ ጋሽ ደምሴ ይባላሉ። ገብሳቸውን ውርጭ ሲመታው «ይመስገን» አሉ። «ካንሰር ነው» ሲባሉም «ይመስገን» ስላሉ፣ ሐኪሟ ያልሰሟት መስሏት ደግማ ነገረቻቸው።

አዲስ አበባ እኔ ዘንድ አርፈው የጨረር ሕክምና ጀመሩ። በሦስተኛው ሳምንት ሆዳቸው ተበላሸ። ከመጸዳጃ ቤት የሚወጡት ተመልሰው ለመግባት ብቻ ሆነ። ታዲያ ሐኪሟ «ሆድዎስ እንዴት ነው?» ስትላቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ይመስገን!» ይህን ሲሉ አንድ እጃቸው የበሩን እጀታ ይዟል።

አላስቻለኝም፤ አጋለጥኳቸው። ሐኪሟ ግን አልተቆጣችም። «አባቴ፣ ሆዳችን ውስጥ ምግብ እንዲስማማን የሚያግዙ ባክቴሪያዎች አሉ። ጨረሩ እነሱንም ይጎዳቸዋል፤ ተቅማጡን ይህም ያባብሰዋል» አለቻቸው።

ጋሽ ደምሴ ዕድሜ ልካቸውን በግ ያረቡ ሰው ናቸው፤ የመንጋ ችግር ይገባቸዋል። «እኔስ ይመስገን» አሉ ቀስ ብለው፤ «እነሱ ግን ዛሬ ስምንት ጊዜ አስነሥተውኛል።» ስለ ራሳቸው ለመናገር ያፈሩበትን ሁሉ በባክቴሪያዎቹ ስም ተናገሩ፤ ቁርጠቱን፣ ድካሙን፣ ውሃ መጠጣት እንኳ መፍራታቸውን። መድኃኒት ታዘዘላቸው።

ከዚያ ወዲህ «እንዴት አደሩ?» ስል እሳቸውን ልጠይቅ እነሱን፣ አማርኛውም አይለይልኝም። ዛሬ ጠዋት የመጨረሻ ምርመራቸውን ውጤት ልንሰማ ስንወጣም እንደዚያው ጠየቅኳቸው።

«እኔስ ይመስገን» አሉ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። «እነሱ ናቸው የፈሩት።»