ጠያቂ ያጣ ሕመም

ጨዋነት ከመድኃኒት ሁሉ እንደሚበልጥ ያስመሰከረው የአእምሮ ጤና ክሊኒክ የሚገኘው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ነው። በቅርቡ ከበላይ አካል መመሪያ ወረደለት፦ ለጭንቀትም ይምጣ ለእንቅልፍ ማጣት፣ ማንኛውም ታካሚ ልተወው ብሎ ያቃተው የወሲብ ልማድ እንዳለበትና እንደሌለበት ይጠየቅ። ክሊኒኩ መመሪያውን በሞቀ ጭብጨባ ተቀበለው። የቀረው ትንሽ ነገር ነበር፤ መጠየቅ።

የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ወሬውን ሲሰማ እፎይ አለ። ሱሪ እየሰፋ “አንዴ ብቻ ልይ” ብሎ ስልኩን ከከፈተ፣ ከራቁት ምስሎቹ ቀና የሚለው ቀኑ ካለቀ በኋላ ነው። ባለፈው ሰሞን የአንድ መምህር ሱሪ ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ ሰፍቶ አስረክቧል። ሚስቱ ቻል ቻል አድርጋው ቆይታ በመጨረሻ፣ ወይ ይታከማል ወይ እህቷ ቤት ትገባለች ብላ ቆረጠች። ለማስፈራራት ብቻ እንዳልሆነ የገባው ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ አቧራውን ስታራግፍ ነው።

ራሱ ጀምሮ እንዳይናገር ምላሱ ይተሳሰርበታል። ከተጠየቀ ግን “አዎ” ማለት አያቅተውም።

እንዲጠይቅ የተመደበው ነርስ በጨዋነቱ እናቱን ያስመሰገነ ወጣት ነበር። ልብስ ሰፊው ፊቱ ሲቀመጥ፣ መስኮት መስኮቱን እያየ በይቅርታ ጀመረ። ታላቅ ወንድሙን የሚያህል ሰው እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ እንደማይገባ፣ ግዴታ ሆኖበት እንጂ ከልቡ እንዳልመነጨ፣ ነገሩም እንደ ልብስ ሰፊው ያለውን የተከበረ ሰው ከቶ እንደማይመለከት በሰፊው አስረዳ። ላቡን ጠረገ። ቀጥሎ የልብስ ሰፊውን ቤተሰብ፣ በሕይወት የሌሉትን ወላጆቹን ጨምሮ፣ ይቅርታ ጠየቀ። እዚህ ላይ ሲደርስ የቀጠሮው ሰዓት አለቀ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ይቅርታው ካቆመበት ቀጠለ።

ልብስ ሰፊው ነገሩ በዚህ ከሄደ የሚስቱ ሻንጣ ጥያቄውን ቀድሞ ከቤት እንደሚወጣ ገባው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ “አለብኝ” አለ።

“ምን?”

“ሊጠይቁኝ ያሰቡት ነገር።”

“ገና አልጠየቅሁም እኮ።”

“ገብቶኛል ዶክተር። አለብኝ።”

“ኧረ ይተዉ፣ እርስዎ ደግሞ! ሰው ራሱን እንዲህ አይሰድብም።”

ጉዳዩ ለክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ቀረበ። ሥራ አስኪያጁ በዚህ አካባቢ የተባለው ችግር ያለበት አንድም ሰው አልተገኘም የሚል ሪፖርት ልኮ ገና መመስገኑ ነበርና፣ ሠራተኛውን ሰብስቦ ታሪካዊ ንግግር አደረገ። “መልስ ከጥያቄ ከቀደመ ሥርዓት ፈረሰ ማለት ነው” አለ። “ዛሬ ሳይጠየቅ ‘አለብኝ’ ያለውን ዝም ካልነው፣ ነገ ሳይታከም ‘ተሻለኝ’ የሚል ይመጣብናል።” ተጨበጨበ። እንዲህ ያለው ጥያቄ ሽበት ያስፈልገዋል ተባለና በዕድሜ የገፋው ዘበኛ እንዲጠይቅ ተወሰነ። ዘበኛው ግን፣ የተቀጠርኩት የሰው ቦርሳ ልፈትሽ ነው፣ የሰው ጓዳ አልፈትሽም ብሎ እምቢ አለ።

በቀጣዩ ቀጠሮ ሚስትዮዋ ወደ እህቷ ስታልፍ ሻንጣዋን እንዳንጠለጠለች ጎራ አለች። ባሏ “አልጠየቁኝም” እያለ ሲመለስ ውሸቱን ነው ብላ ጠርጥራ፣ በዓይኗ ልታይ ነው። ነርሱ ይቅርታ ጀመረ። ሥራ አስኪያጁም በአካል ተገኝቶ በነርሱ ይቅርታ ላይ የተቋሙን ይቅርታ ጨመረበት። ሴትየዋ ትንሽ አዳመጠቻቸውና ወደ ባሏ ዞረች።

“አንተ፣ ይሄን ምስል ማየት ልተው ብለህ አቅቶሃል?”

“አዎ። አቅቶኛል።”

“መዳንስ ትፈልጋለህ?”

“ሱሪ እንኳ በቅጡ መስፋት ተስኖኝ! እፈልጋለሁ እንጂ።”

ነርሱ ጆሮውን ያዘ። ጣሪያው ግን አልተደረመሰም። መመሪያው ከወረደ ጀምሮ ለዚህ ሕክምና ተመድባ፣ አንድም ሰው ሳይላክላት ሹራብ ስትሠራ የከረመችው የሥነ ልቦና ባለሙያ ከጎረቤት ክፍል ብቅ ብላ፣ “እስቲ ወዲህ ግቡ” አለቻቸው። ሚስትዮዋ ሻንጣዋን ለዘበኛው አስጠብቃ አብራው ገባች።

ሥራ አስኪያጁ ይህን ድል ሳይውል ሳያድር አበሰረ። ክሊኒኩ ባደረገው ያላሰለሰ ጥረት ጥያቄው መጠየቁን ገልጾ፣ በር ላይ ማስታወቂያ አስለጠፈ፦ “ክቡራን ታካሚዎች፣ ከነገ ጀምሮ ደፍሮ የሚጠይቃችሁን የቤተሰብ አባል ይዛችሁ እንድትመጡ እናሳስባለን።”

በማግስቱ ጠዋት ሁሉን ቀድማ የደረሰችው የሥራ አስኪያጁ ሚስት ናት። ባሏን በኮቱ እጅጌ ይዛ፣ ወረፋ ጠባቂው ሁሉ እያየ፣ ኮሪደሩ መሐል አቆመችውና ጠየቀችው።

ሥራ አስኪያጁ የእጅ ሰዓቱን አይቶ፣ አስቸኳይ ስብሰባ እንዳለበት አስታወቀ።