ሳየው ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም

የኮምፒዩተር ባለሙያ ሁሉ ሰነፍ ነው! አትቆጡ፣ ራሴን ጨምሬ ነው። እንደውም ስንፍናችንን «ሌዚ ሎዲንግ» ብለን በፈረንጅ አፍ ስለጠራነው ደመወዝ ይከፈለናል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፕሮግራሙ የበሽተኛ ካርድ ሲከፍት ዝርዝሩን ከመረጃ ቋቱ ማምጣት ይታክተዋል። በቦታው ወኪል ያስቀምጣል። ወኪሉም «ስትጠይቁኝ ሮጬ አመጣለሁ» ባይ ነው። ሲጠይቁት ከመረጃ ቋቱ ጋር የሚያገናኘው መስመር ተዘግቶ ከሆነስ? ላም አለኝ በሰማይ...

ቡራዩ ላለ አንድ ክሊኒክ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ቢሮ መግባት አቅቶኝ ቤቴ ቁጭ ብያለሁ። ነርሷ ሲስተር አልማዝ ደወለች። ኦቦ ገመቹ የሚባሉ አዛውንት ከግርግር ሲሸሹ ወድቀው የቆሰለው እግራቸው አመርቅዟል፤ መርፌ ያስፈልጋቸዋል። ካርዳቸው የማይስማማቸው መድኃኒት እንዳለ ይናገራል። የትኛው እንደሆነ ለማየት ሲጫኑት ግን ፕሮግራሙ ድርቅ ይላል። አዲስ አበባ እንዳይልኳቸው መኪና የለም።

በእግሬ ገሰገስኩ። ላፕቶፔን ከፍቼ የፕሮግራሙን ሆድ ዕቃ በሚያሳየኝ መሣሪያ ስመረምረው ያለ አንዳች እክል ሠራ።

«ይኸው ይሠራል» አልኳት።

«የማን ካርድ ነው?»

«ለሙከራ የፈጠርኩት በሽተኛ ነው።»

«እሱን ልውጋው?»

እንደገና መመርመር ጀመርኩ። ሰውየው በስህተት ቢወጉ ተጠያቂው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ መመርመሪያው ለእኔ ለማሳየት ሲል መስመሩ ሳይዘጋ ወኪሉን ቀድሞ ይልከዋል። ሳየው ይሠራል፣ ዞር ስል ይለግማል፤ አለቃ ፊት እንደሚተጋ ሠራተኛ። መድኃኒቶቹ ከካርዱ ጋር አንድ ላይ እንዲመጡ ማስተካከል ጀመርኩ።

ኦቦ ገመቹ ከአግዳሚው ወንበር ላይ ጎንበስ ብለው አዩኝ። «ኢልመኮ፣ ልጄ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?»

«የማይስማማዎት መድኃኒት፣ አባቴ።»

«ፔኒሲሊን ነዋ።»

ከኮምፒዩተሩ ቀና አልኩ። «እስካሁን ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሲስተር አልማዝ ወደ እኔ ዞረች። «ስታሠለጥነን ‹በሽተኛ አታድክሙ፣ ሁሉም ኮምፒዩተሩ ላይ አለ› ያልከን አንተ አይደለህ?»

አፈርኩ። እሳቸው የሚስማማቸውን ተወግተው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ፕሮግራሙን አስተካክዬ ጨረስኩ። ከካርዱ አናት ላይም በትልልቁ ጨመርኩበት፦ «መጀመሪያ ሰውየውን ጠይቁ።»