ጀርባ ለጀርባ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አንድ ክንድ ርቃ ለተቀመጠች ባልደረባው ስልክ የሚደውል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ የእንዲህ ዓይነቱ ሰው አለቃ ነኝ። ኮምቦልቻ ባለ አንድ ፋብሪካ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ጋሽ ሰይድና ሐያት ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ። ጋሽ ሰይድ የይለፍ ቃሉን ሁሉ በደብተር ጽፈው ይይዛሉ፤ ጉዳያቸውን የሚጨርሱት በስልክ ነው። የልጃቸው እኩያ ሐያት ደግሞ በቴሌግራም ካልጻፉላት ጉዳይ አይመስላትም። እኔ? ከሁለቱም ወገን አይደለሁም ባይ ነኝ።

ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ለቅሶ በተቀመጥኩበት ቀን ሰርቨሩ ቆመ። የጭነት መኪኖች መውጫ ወረቀት የሚያትምላቸው አጥተው በሩ ላይ ተሰለፉ። ጋሽ ሰይድ ደወሉልኝ፤ «ወላሂ፣ ደጋግሜ ብደውልላት አታነሳም።»

ሐያት ጻፈችልኝ፤ «የይለፍ ቃሉን እንዲልኩልኝ ለጋሽ ሰይድ ጽፌያለሁ፤ አላነበቡትም።»

ከደሴ በሚኒባስ ወርጄ ብደርስ፣ ሁለቱም እንደተኳረፈ ሰው ጀርባ ለጀርባ ናቸው። ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? ወንበራቸውን አዞርኩት። ደብተሩ ተከፈተ፣ ሰርቨሩም ሥራ ጀመረ።

በማግስቱ ትውልድን ስለማስማማት ረጅም ሪፖርት አዘጋጅቼ ለወጣቱ ሥራ አስኪያጃችን በኢሜይል ላክሁ። ከዚያ መድረሱን ለማረጋገጥ ደወልኩለት። አላነሳም። ጥቂት ቆይቶ መልእክት መጣልኝ፤

«ጋሼ፣ በቴሌግራም ይጻፉልኝ።»