ቁርስ የበላ ሰው ደም

ሰው ሠራሽ ደም ሊመጣ ነው አሉ። ስልኬ ላይ ነው ያነበብኩት። እንደ ዱቄት ወተት በውሃ የሚበጠበጥ፣ ፍሪጅ የማይፈልግ፣ የደም ዓይነት የማይመርጥ ነገር ለመሥራት ተመራማሪዎች ደፋ ቀና እያሉ ነው፤ ገና ሙከራ ላይ ነው እንጂ። እናንተ «ሳይንስ አያልቅበት» ብላችሁ ታልፉት ይሆናል። መብራት እንደ እንግዳ ብቅ በሚልባት ጁባ ለምንኖር ግን ቀልድ አይደለም። እኔ ደግሞ የምደሰትበት የራሴ ምክንያት አለኝ። ልናዘዝ።

ከዓመታት በፊት እዚሁ ጁባ፣ ካስተም ገበያ ውስጥ እትዬ ዘነበች የሚባሉ የጎንደር ሴት ምግብ ቤት ነበራቸው። ባዶ እጁን የመጣውን ሁሉ «ሥራ እስክታገኝ ብላ» እያሉ ያኖሩ ነበር፤ እኔንም ጭምር። ያ ቤት ዛሬም ይናፍቀኛል። በጾም እንኳ «ጨጓራዬን» ለሚል ደካማ ከመጋረጃ ጀርባ እንቁላል አይጠፋም። ጨጓራዬን ባዩ እኔ ነበርኩ።

አንድ የፍልሰታ ጠዋት ከኡጋንዳ የመጣ መኪና ሲራገፍ አንድ ቆርቆሮ ተንሸራቶ የእትዬን ጭን ሰነጠቀው። ተሸክመን ሆስፒታል አደረስናቸው። ደም ቶሎ ካልተተካላቸው አይተርፉም ተባልን። እዚህ አገር ዘመድ የላቸውም፤ ዘመዳቸው ደንበኛ ነው። ስድስት ሆነን ተሰለፍን። ነርሷ ኢትዮጵያ ያደገች የዚሁ አገር ልጅ ነች።

«ቁርስ የበላችሁ?» አለች።

አምስታችን አንገታችንን ደፋን። ጾመኞች ነና!

«ኻላስ፣ በቃ! በባዶ ሆድ አልቀዳም፤ ትወድቁብኛላችሁ። በልታችሁ ኑ።»

እጁን ያወጣው ጄኔሬተር ጠጋኙ ታምራት ብቻ ነበር፤ ፕሮቴስታንት ነው። በጾም ሥጋ ሲያዝዝ «ወዲያ በልልን» እያልን ከገበታችን የምናርቀው ታምራት እጅጌውን ሰበሰበ። ደሙ ሲመረመር እኔ ግድግዳ ተደግፌ «አምላኬ፣ የሱ ይግጠም» እያልኩ እጸልይ ነበር። ገጠመ። እትዬም ተረፉ።

ጸሎቴ ለእትዬ ብቻ አልነበረም። ከአንድ ሰዓት በፊት ከመጋረጃው ጀርባ ሁለት እንቁላል በዳቦ ጠርጌ ነበር የወጣሁት። መርፌ እፈራለሁ። ያበሉኝ ሴትዮ ሞት አፋፍ ላይ ሆነው ጾመኛ ነኝ አልኩ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ታምራት ካምፓላ ገባ፤ እትዬም ጎንደር ተመለሱ። ምግብ ቤቱ የስልክ መሸጫ ሆኗል። እትዬ ማን ደም እንደሰጠ፣ ማን ጾመኛ ነኝ እንዳለ ቢሰሙም ስለዚያ ጠዋት አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። እንቁላሉን ሕመሙ አስረስቷቸዋል ብዬ እፎይ ብዬ ነበር። ባለፈው የሰው ሠራሽ ደሙን ዜና ልነግራቸው ደወልኩ። አዳመጡኝና ሳቁ።

«እሰይ ልጄ! ከእንግዲህ አንተም ሐኪም ፊት ከመጾም ዳንክ።»