እማሆይ ሲመረምሩኝ

ትናንት ሌሊት ያየሁትን ሕልም ለባለቤቴ ለጽጌ አልነገርኳትም፤ ለእናንተ ልንገራችሁ። ስተኛ ደስ ብሎኝ ነበር። አሮጌዋ ሚኒባሴ ዓመታዊ ምርመራዋን አልፋ፣ አዲሱ ቦሎ መስታወቷ ላይ ተለጥፎላታል። እንዴት እንዳለፈች ይቆየን። የሰፈራችንን ልጆች ጠዋት ጠዋት ቁልቁል ወደ ትምህርት ቤት የማወርደው በእሷ ነው፤ የራሴም ልጅ ሶልያና ጋቢና ትቀመጣለች። ሚኒባሷ ዳገት ላይ ስለምታስል ልጆቹ እማሆይ ይሏታል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ዞሮ ዞሮ ሲደክመው ዜሮ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ደሴ ውስጥ ያልወጣችው ዳገት የለም።

በሕልሜ እማሆይን በጀርባዬ አዝዬ ወደ ምርመራ እሄድ ነበር። አልከበደችኝም። መንገድ ላይ አንድ አህያ ፊሽካ ነፍቶ አስቆመኝና "ከልክ በላይ ጭነሃል" አለኝ። እሱ ባዶውን ነበር፤ ጤፉን ተሸክሞ ከኋላው የሚያዘግመው ጌታው ነው። ይቅርታ ጠይቄ አለፍኩ። የምርመራው ግቢ ስንደርስ እማሆይ ከጀርባዬ ወርዳ በሌላ በር ገባች። ለሠራተኛ የተለየ በር አለ አሉ።

ግቢው ውስጥ መኪኖቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፤ እኛ ባለንብረቶቹ ፀሐይ ላይ ተሰልፈናል። በየአንገታችን ታርጋ ተንጠልጥሏል። ከፊቴ የነበሩ አንድ ወፍራም ሰውዬ የግራ ዓይናቸው አልበራ ብሎ ተመለሱ። "ትናንት ይበራ ነበር እኮ!" እያሉ ግንባራቸውን በጡጫ ይመቱ ነበር። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ሰው ገፍቶ ካላስነሳት አትራመድም። ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም የሚያሳስበው የራሱ ጉድ ነበር።

ባጃጆች በሰልፉ መሃል ይሽሎከለካሉ። ደላሎች ናቸው።

"የሚከራይ ሳንባ አለኝ፤ ዳገት አይቶ የማያውቅ" አለችኝ አንዷ ጆሮዬ ሥር።

"የኔው ይበቃኛል።"

"ያንተማ ሲያፏጭ እዚህ ድረስ ይሰማል። ጥርስስ?"

"ጥርስ ይመረመራል እንዴ?"

"ስትስቅ ያዩታል።"

"እዚህ ማን ሊስቅ!"

በዚህ መሃል ጎረቤቴ ይመር መጣ። እሱም እንደኔው ባለ ሚኒባስ ነው፤ በክፉ ቀን በሩን የማይዘጋ ሰው። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና ሁለቱንም ጉልበቶቹን በመፍቻ ፈታቸው።

"እንካ አስናቀ፣ የኔ አዲስ ነው።"

"አንተስ?"

"የኔ ተራ ነገ ነው። ስትጨርስ ትመልስልኛለህ። ለጎረቤት ያልሆነ ጉልበት ወላሂ ምን ያደርጋል!"

የኔን ያለቁትን ጉልበቶች ፌስታል ውስጥ ከተተልኝ። እሱ ጎማዋ እንደተፈታ መኪና ድንጋዩ ላይ ቀረ። አዲሱን ጉልበት ሁለቴ ዘልዬ ሞከርኩት። ጥሩ ነበር። ልቤ ሞላ።

"የሚቀጥለው!"

መርማሪዋ እማሆይ ነበረች። ራሷ፣ የኔዋ፣ በሯን ዝገት የበላው። ሰማያዊ ጋወን ለብሳ መነጽር አድርጋለች። ከመኪናዬ ጋር አንቱ ተባብለን አናውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ሳላስበው ጎንበስ አልኩ።

"እማሆይ፣ እንደምን ዋሉ?"

"ሞዴል?"

"የሰባ።"

"የሰባ!" ወደ ሌሎቹ መኪኖች ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ስንት ሄደሃል?"

"ምን ሄድኩ ብለው ነው፤ ታች ወርጄ ላይ መውጣት ነው።"

"ቆጣሪህ መቼ ነው የቆመው?"

አባቴ የሞቱ ጊዜ ልል አሰብኩና ተውኩት። ለመኪና ምን ይነገራል?

"ጡሩንባ!" አሉ። ጮህኩ። "ጭስ!" አሉና ቱቦ አፌ ውስጥ ሰኩ። ስተነፍስ የወጣው ጥቁር ጭስ ግቢውን ሸፈነው፤ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና እያሳለው ሸሸ።

"ምንድነው ይሄ?"

"ሐሳብ ነው፣ እማሆይ።"

"የኔን ጭስ ሲያዩብህ 'ትንሽ ዘይት ነው፣ ምንም አይል' ትል የለ? በል እንግዲህ፣ ትንሽ ሐሳብ ነው፣ ምንም አይል።"

ከዚያ ጎንበስ ብለው ጉልበቴን በመዶሻ መታ መታ አደረጉት። ጥሩ ድምፅ አለው። ወደ ላይ ጭኔን፣ ወደ ታች ቅልጥሜን አዩ።

"ጉልበቱ ያንተ ነው?"

"የኔ ነው።"

"በሰው ወርቅ አይደምቁም፣ ልጄ።"

"የኔ ነው አልኩ እኮ!"

"ማልልኝ።"

"ሶልያና ትሙት!"

ሻይ የሚጠጡት መኪኖች ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። እማሆይ መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አዩኝ።

"ጥሩ" አሉ። "የቀረህ ፍሬን ብቻ ነው።"

ወደ ግቢው ጀርባ ወሰዱኝ። የግቢው ጀርባ የኛው ሰፈር ቁልቁለት ነበር፤ ዝናብ መትቶት ድንጋዩ ያብለጨልጫል። ታች፣ መንገዱ ላይ፣ ነጭ መስመር ተሠምሯል። ከመስመሩ ወዲያ የማመላልሳቸው ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው ቆመዋል። ሶልያና መሃል ናት፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ አቅፋለች።

"ልጆቹን ዞር ያድርጉልኝ፣ እማሆይ።"

"ለምን? ፍሬን የለህም?"

"አለኝ። ግን..."

"እኔ በየጠዋቱ ስወርድ ማን ዞር አድርጎልኝ ያውቃል?"

ከኋላዬ ገፉኝ።

መጀመሪያ አልፈራሁም። የይመር ጉልበት እኮ ነው የያዝኩት። መሃል ላይ ስደርስ ግን "አስናቀ! ጉልበቴን!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ይመር በመቀመጫው እየተንሸራተተ አጠገቤ ደረሰ።

"ተራዬ ደረሰ እኮ፣ እንዳታስቀረኝ!"

"ይመር፣ በአላህ፣ እስክቆም ጠብቀኝ!"

"እስክትቆም ይመሽብኛል!"

መፍቻውን አውጥቶ እየሮጥኩ ፈታቸው። እምቢ ልለው ፈልጌ ይሉኝታ ያዘኝ። ለካ በሕልምም ይሉኝታ አለ። የራሴ ጉልበቶች ያሉበትን ፌስታል ብፈልግ ከላይ ትቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ እግሬን የሚያዘው ቁልቁለቱ ሆነ። ልጆቹ ቀረቡ። "ሽሹ!" ልል አፌን ብከፍት የወጣው "ጠጋ ጠጋ በሉ!" ነው። ልጆቼ ታዛዦች ናቸው፤ ጠጋ ጠጋ አሉ። ሶልያና እጇን አውለበለበችልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ከላይ እማሆይ "ብቁ ነው!" ብለው ማኅተም ሲመቱ ሰማሁ።

"ገና አልቆምኩም!" ብዬ ጮህኩ። "እማሆይ፣ አልቆምኩም እኮ!"

"የሚቀጥለው!" አሉ።

ብረት በብረት ሲመታ ሰምቼ ነቃሁ። ነግቷል። ጋቢዬን ደርቤ ወደ ግቢ ወጣሁ፤ ዘንቦ ስላደረ መሬቱ ጭቃ ነው። ይመር እማሆይን በክሪክ አንስቶ የመጨረሻውን ብሎን ያጠብቃል።

"አልቀስቅስህ ብዬ ነው፣ አስናቅዬ" አለኝ በለሆሳስ። "ዛሬ የኔ ተራ ነው። ትናንት ለምርመራ ያዋስኩህን ጎማና የፍሬን ሸራ ወስጃለሁ። ያንተን እንደነበረ መልሼ አስሬልሃለሁ።"

የኔ ጎማዎች እንደ መዳፍ ልሙጥ ናቸው። የፍሬን ሸራዬን ለማየት ድፍረት አጣሁ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አልኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ? ጎማዎቹን ባጃጅ ላይ ጭኖ ሄደ።

ልጆቹ እየተንጫጩ ገብተው ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ጽጌ ሶልያናን በእጇ ይዛ ወጣች። መስታወቱ ላይ ያለውን አዲሱን ቦሎ አየች፤ ቀጥሎ እርጥቡን ቁልቁለት አየች።

"ፍሬኗንም አይተውታል?"

"አይተውታል።"

"ማልልኝ እስቲ።"

የለመደ አፌ ቀደመኝ። "ሶልያና ትሙት!"

"ተመስገን" አለች ጽጌ፤ ልጄን አንስታ ጋቢና አስቀመጠቻትና በሩን ዘጋችባት።